ሃርቬይ ኩሺንግ፡ በሽታውን አይተው መለኪያውን ሳያዩ ያለፉት ሐኪም

እ.ኤ.አ 1910 ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ለሕክምና ገባች። ከሩሲያ የተሰደደች ነበረች። ፊቷ ክብ ሆኖ አብጧል፤ ሆዷና ጀርባዋ ያለ ልክ ወፍሯል፤ ጡንቻዎቿ ግን ጉልበት ከድቷቸዋል። በሆዷ ቆዳ ላይ የወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ሰንበሮች ተጋድመዋል። ቆዳዋ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ይበልዛል፤ በፊቷ ላይ ፀጉር በቅሏል፤ የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ራስ ምታቱ እረፍት ይነሳታል፤ የደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። ለሩቅ ተመልካች በልታ የጠገበች የምትመስለው ወጣት፣ ሰውነቷ ከውስጥ እየተበላ ነበር።

የመረመሯት ሐኪም ዶክተር ሃርቬይ ኩሺንግ ይባላሉ። በጊዜው ለዚህ ሕመም ስም የሰጠው አልነበረም፤ የሚለካበት መሣሪያም አልነበረም። ሐኪሙ ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉ፤ መልኳን በፎቶግራፍ አስቀሩ፤ ከዚያም ጥያቄውን ከ20 ዓመታት በላይ ይዘውት ኖሩ። ዛሬ ሕመሙ በዓለም ዙሪያ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ሕመሙን ለመለየት ከሚታዘዙት ቀዳሚ ምርመራዎች አንዱ፣ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት ተሰብስቦ በውስጡ ያለው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን የሚለካበት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለመለካት የደከሙት ኩሺንግ ግን ይህን ምርመራ ሳያዩ አልፈዋል።

ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 8 ቀን 1869 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። አባታቸው፣ አያታቸውና ቅድመ አያታቸው ሐኪሞች ነበሩ፤ ሙያው በዚያ ቤት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ወጣቱ ኩሺንግ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የቤዝቦል ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1891 ከዬል ተመርቀው ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ።

የኩሺንግን የሕይወት መንገድ የቀየሰው ክስተት የደረሰው ገና ተማሪ ሳሉ ነው። በዚያ ዘመን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የሚሰጠው የተለየ ሥልጠና ያለው ባለሙያ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ለተማሪ ይተው ነበር። አንድ ቀን ኩሺንግ ከተማሪዎች መካከል ተጠርተው፣ አንጀቱ ለታነቀበት ሕመምተኛ ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ እንዲሰጡ ታዘዙ። ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ልብ እንዴት እየመታ እንደሆነ፣ አደጋው የት ላይ እንደሚጀምር ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ሕመምተኛው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ኩሺንግ በኀፍረትና በጸጸት ተውጠው ትምህርቱን ጥለው ለመሄድ አሰቡ። ሰውየው ቀድሞውንም የመትረፍ ተስፋው የመነመነ እንደነበረ ቢነገራቸውም ልባቸው አላረፈም።

ጸጸቱ ግን ሥራ ወለደ። ኩሺንግ ከጓደኛቸው ከኧርነስት አሞሪ ኮድማን ጋር ሆነው ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሰው የልብ ምትና ትንፋሽ በየደቂቃዎቹ እየቆጠሩ በሠንጠረዥ መመዝገብ ጀመሩ። ሁለቱ ወጣቶች የማን ሕመምተኛ በሰላም እንደሚነቃ ይፎካከሩ ነበር። ያ ሠንጠረዥ ዛሬ በየሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል ከሕመምተኛው አጠገብ የማይለየው የማደንዘዣ መዝገብ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ኩሺንግ ከዚያ ሞት የተማሩት ትምህርት አጭርና ግልጽ ነበር፤ ያልተለካ ነገር ሳይታሰብ ይገድላል።

እ.ኤ.አ በ1895 ተመርቀው በቦስተን አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ተሻገሩ። በዚያ ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዊልያም ሃልስቴድ አስተማሯቸው። በዚያን ጊዜ ብዙ ቀዳጅ ሐኪሞች የሚመሰገኑት በፍጥነታቸው ነበር፤ ሃልስቴድ ግን እያንዳንዷን የደም ሥር እየቋጠሩ፣ የሰውነትን ክፍል በገርነት እየያዙ፣ ቀስ ብለው ይሠሩ ነበር። ኩሺንግ ይህን ትዕግሥት ወረሱ። በዚያው ሆስፒታል የነበሩት ዊልያም ኦስለር ደግሞ ሕመምተኛን በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ የመመልከትን ጥበብ አሳዩአቸው፤ እስከ ኅልፈታቸውም ድረስ እንደ አባት ሆኑላቸው።

እ.ኤ.አ በ1900 ኩሺንግ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በታዋቂው ቀዳጅ ሐኪም በቴዎዶር ኮኸር ዘንድ ሆነው፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የደም ግፊትም አብሮ እንደሚያሻቅብ በሙከራ አረጋገጡ። በቀጣዩ ዓመት በጣሊያን ፓቪያ ከተማ ሲያልፉ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ዓይናቸውን የሳበ ዕቃ ተመለከቱ። ሺፒዮኔ ሪቫሮቺ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም የሠሩት የደም ግፊት መለኪያ ነበር። በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋ ጎማ ከሜርኩሪ አምድ ጋር ተያይዟል። ኩሺንግ ንድፉን ቀድተው፣ አንዱንም ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መሣሪያው በመጀመሪያ የተቀበለው ጥቂት ነበር። የሠለጠነ ጣት ከጎማና ከሜርኩሪ ይልቅ የልብን ምት ያውቃል ብለው የሞገቱ አንጋፋ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ኩሺንግ ግን በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሁሉ የደም ግፊቱ እንዲለካና እንዲመዘገብ ጸኑ። ዛሬ በገጠር ጤና ጣቢያ በር ላይ የተቀመጠ አርሶ አደር ክንዱን ዘርግቶ የሚጠመጠምለት መለኪያ የዚያው ዕቃ ዘር ነው።

ከጉዞው መልስ ኩሺንግ ሌሎች የሚሸሹትን ሥራ መረጡ፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን። በዘመኑ የራስ ቅሉ ከተከፈተለት ሰው ይልቅ የማይተርፈው ይበዛ ነበር። ደም አይቆምም፤ ቁስል ያመረቅዛል፤ ዕባጩ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያሳይ ምስል የለም። ኩሺንግ አንድን ቀዶ ሕክምና ሰዓታት ወስደው ይሠሩ ነበር። ክር የማይቋጥራቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚቆነጥጡ ጥቃቅን የብር መያዣዎችን ሠሩ። ሥራው ካለቀ በኋላ ያዩትን በእጃቸው ሥለው ከመዝገቡ ጋር ያኖሩት ነበር። እ.ኤ.አ በ1902 የክሊቭላንድ የልጅነት ወዳጃቸውን ካትሪን ክሮዌልን አግብተው አምስት ልጆች አፍርተዋል። ቤተሰቡ ግን አባወራውን ከሆስፒታሉ ያነሰ ጊዜ ነበር የሚያያቸው።

በዚህ መካከል ቀልባቸውን የወሰደችው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ ናት። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ መጠኗ ከአተር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ክፍል ናት። ትንሽ ብትሆንም ለሌሎች ዕጢዎች ትእዛዝ የምታስተላልፍ ናት። እ.ኤ.አ በ1909 ከደቡብ ዳኮታ የመጣ አንድ ገበሬ እጁ፣ እግሩና መንጋጋው ከልክ በላይ እየገዘፈ አስቸግሮት ወደ ኩሺንግ ቀረበ። የሕመሙ ምንጭ በዚያች ዕጢ ላይ የበቀለ ዕባጭ ነበር። ኩሺንግ በአፍንጫው መንገድ ገብተው ከፊሉን አወጡለት፤ ገበሬውም ተሻለው። አንዲት ትንሽ ዕጢ ከልክ በላይ ስትሠራ ሰውነትን እንደምትለውጥ፣ ስትቀነስ ደግሞ ሰውነት ሊመለስ እንደሚችል ይህ ሕመምተኛ አሳያቸው።

ያቺ የ23 ዓመት ወጣት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ኩሺንግ እ.ኤ.አ በ1912 ስለ ፒቱታሪ ዕጢና ስለ ሕመሞቿ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ታሪኳን አካተቱ። የሕመሙ ምንጭ የትኛው ዕጢ እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት አልጻፉም። ፒቱታሪ ትሁን፣ ወይስ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች፣ መልሱ ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ የብዙ ዕጢዎች ሕመም ብለው አለፉት። ያላወቁትን አውቃለሁ አለማለታቸው ለኋላ ሥራቸው መሠረት ሆነ።

አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ሁለት ናቸው፤ በሁለቱ ኩላሊቶች ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጠዋል። የእንግሊዙ ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ በ1855 እነዚህ ዕጢዎች በሕመም ሲጠፉ ሰው ጉልበቱ እንደሚዝል፣ ቆዳው እንደሚጠቁርና እስከ ሞት እንደሚደርስ ገልጸው ነበር። ኩሺንግ በሃርቫርድ በሚያስተምሩበት ዘመን ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዋልተር ካነን፣ ፍርሃትና ቁጣ ሲመጣ አድሬናል ዕጢ አድሬናሊንን ወደ ደም እንደሚለቅ፣ ልብን ለትግል ወይም ለሽሽት እንደሚያዘጋጅ አስተማሩ። ሰው ጅብ ሲያጋጥመው ወይም ልጁ ሲታመምበት ልቡ የሚደልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዕጢዎቹ የውጭ ሽፋን የሚመነጨው ሌላው የጭንቀት ጊዜ ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ኩሺንግ እ.ኤ.አ በ1912 ወደ ሃርቫርድ ተዛውረው፣ በቦስተን በአዲሱ የፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሪ ሆኑ። ብዙ ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እ.ኤ.አ በ1915 በፈረንሳይ ለጥቂት ወራት አገለገሉ፤ በ1917 ደግሞ ከአሜሪካ የሐኪሞች ቡድን ጋር ተመልሰው ወደ ግንባሩ ተጠጉ። ወደ አንጎል የገባን የብረት ስብርባሪ በማግኔት እየሳቡ ያወጡ ነበር። የሞተውን የአንጎል ክፍል በጥንቃቄ አጥበውና ጠርገው ቁስሉን ይዘጋሉ። ቀድሞ አንጎላቸው ከቆሰለ ወታደሮች ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር፤ በእርሳቸው አሠራር ቁጥሩ ከሲሶ በታች ወረደ።

ጦርነቱ ግን ከእርሳቸውም ወሰደ። እ.ኤ.አ በኦገስት 1917 የመምህራቸው የኦስለር አንድያ ልጅ ቆስሎ አጠገባቸው ባለ ሆስፒታል መግባቱን ሰምተው በሌሊት ደረሱ። ሐኪሞቹ የተቻላቸውን ቢያደርጉም ወጣቱ ንጋት ላይ ዐረፈ። ኩሺንግ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ቀብሩ ላይ ቆሙ። በቀጣዩ ዓመት እርሳቸው ራሳቸው ታመው እግራቸው እስኪዝል፣ እጅና እግራቸው እስኪደነዝዝ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ እግራቸው እንደ ቀድሞው ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

በሰላሙ ጊዜ ኩሺንግ ወደ ቦስተን ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ የሚስማሙበት ጠባይ ነበራቸው፤ ለሕመምተኛ የዋህ፣ ለረዳቶቻቸው ግን ብርቱና የማይራሩ ነበሩ። ትንሽ ስህተት በብዙ ሰው ፊት ያስገሥጻል። ሲጋራም ያበዙ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይጽፋሉ። የመምህራቸውን የኦስለርን የሕይወት ታሪክ በሁለት ቅጽ ጽፈው እ.ኤ.አ በ1926 የፑሊትዘር ሽልማትን ተቀበሉ።

ያ ዓመት ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። በጁን ወር አንድ ማለዳ የመጀመሪያ ልጃቸው ዊልያም በመኪና አደጋ መሞቱ በስልክ ተነገራቸው። ልጁ አባቱ በተማሩበት በዬል ይማር ነበር። ኩሺንግ ለባለቤታቸው መርዶውን ነገሩ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሄደው ለዚያ ቀን የተያዘውን ቀዶ ሕክምና ሠሩ። ረዳቶቻቸው ነገሩን ያወቁት ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህን አንዳንዱ እንደ ጽናት፣ ሌላው እንደ ልብ ድንዳኔ ያየዋል። በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ግን የሐኪሙን ኀዘን አላወቀም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ዊልያም ቦቪ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ የሠሩትን በኤሌክትሪክ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ ኩሺንግ በቀዶ ሕክምና ላይ አዋሉ። ከጥቂት ቀናት በፊት በደም ብዛት ምክንያት ትተውት የነበረውን ዕባጭ በዚህ መሣሪያ አወጡ። ቀድሞ የማይደፈሩ የነበሩ ዕባጮች ከዚያ በኋላ ተደፈሩ። እ.ኤ.አ በኤፕሪል 1931 ኩሺንግ ሁለት ሺኛውን የአንጎል ዕባጭ ቀዶ ሕክምና አከናወኑ። የእያንዳንዱ ሕመምተኛ መዝገብ፣ ፎቶግራፍና የዕባጩ ናሙና በሥርዓት ተቀምጧል።

ከ20 ዓመታት በላይ የቆየው ጥያቄ የተመለሰው ከዚህ የመዝገብ ክምችት ነው። እ.ኤ.አ በ1932 ኩሺንግ ከራሳቸው ሕመምተኞችና ከሌሎች ሐኪሞች ጽሑፎች የሰበሰቧቸውን 12 ሰዎች ታሪክ ጎን ለጎን አድርገው አሳተሙ። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ያቺ ከሩሲያ የተሰደደች ወጣት ነበረች። የሁሉም መልክ የተቀራረበ ነበር፤ ክብ ፊት፣ የወፈረ ወገብ፣ የቀለለ አጥንት፣ የሰነበረ ቆዳ፣ ከፍ ያለ የደም ግፊት። ከሞቱት መካከል በብዙዎቹ የፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ በጣም ትንሽ ዕባጭ ተገኝቷል። ኩሺንግ የሕመሙ ሥር ያ ትንሽ ዕባጭ ነው ብለው ደመደሙ።

መደምደሚያው አልተወላገደም፤ ሙሉ ግን አልነበረም። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የሰንሰለቱን ቀሪ ቀለበቶች አገኙ። በፒቱታሪ ላይ ያለው ዕባጭ አድሬናል ዕጢዎችን ያለ ዕረፍት ያዝዛቸዋል፤ እነርሱም ኮርቲሶልን ያለ ልክ ያመነጫሉ። አንዳንዴ ደግሞ ዕባጩ በራሱ በአድሬናል ዕጢ ላይ ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ይበቅላል። ስለዚህ ከፒቱታሪ የሚነሣው የኩሺንግ በሽታ፣ ከየትኛውም ምክንያት የሚመጣው የኮርቲሶል ብዛት ደግሞ የኩሺንግ ሲንድረም ተብሎ ይለያል።

ኩሺንግ ያንኑ ዓመት ከሃርቫርድ ጡረታ ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ወጣትነት ትምህርት ቤታቸው ወደ ዬል ተመለሱ። የእግራቸው የደም ሥሮች ታመው መራመድ ይቸግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 7 ቀን 1939 በ70 ዓመታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በራሳቸው አንጎል ውስጥ ትንሽ የውኃ ቋጠሮ ተገኘ። ሁለት ሺህ የአንጎል ዕባጮችን የቀደዱት ሐኪም የራሳቸውን ሳያውቁ ተሸክመውት ኖረዋል።

የጎደለው መለኪያ መገኘት የጀመረው በመጨረሻዎቹ የዕድሜያቸው ዓመታት ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳልና በስዊዘርላንድ የሚሠሩት ታዴዎስ ራይክስታይን ከአድሬናል ዕጢ የውጭ ሽፋን ሆርሞኖችን ለይተው አወጡ። ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች ከእነዚህ ሆርሞኖች አንዱን ለመገጣጠሚያ ሕመም ሰጥተው ውጤቱን አሳዩ። ሦስቱም እ.ኤ.አ በ1950 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሆርሞኑ ከታወቀ በኋላ በደምና በሽንት ውስጥ መለካት ተቻለ።

ሽንት የተመረጠበት ምክንያት አለው። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ንጋት ላይ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል። የአንድ ቀን ካፊያ የክረምቱን ዝናብ እንደማይናገር ሁሉ፣ በአንድ ሰዓት የተቀዳ ደምም የቀኑን ሙሉ ልክ አይናገርም። በተጨማሪም በደም ውስጥ ካለው ኮርቲሶል አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይዞራል። በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት የሚያልፈው ያልተጣበቀው፣ በሰውነት ላይ የሚሠራው ክፍል ነው። የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ሲለካ እንግዲህ የቀኑንና የሌሊቱን ድምር ያሳያል።

አሰባሰቡ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሚሸናው ይደፋል፤ ሰዓቱ ግን ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ በዚያው ሰዓት ድረስ ያለው ሽንት በሙሉ፣ የማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ሽንትም ጭምር፣ ጤና ተቋሙ በሰጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ዕቃው በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ከተዘነጋ ውጤቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ከልክ ያለፈ ውኃ መጠጣትና የኩላሊት ሕመምም ውጤቱን ያዛባሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ምርመራውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያደርጋሉ፤ በሌሊት ምራቅ ወይም ዴክሳሜታሶን ተሰጥቶ በጠዋት ደም በሚደረግ ምርመራም ያመሳክሩታል። አድሬናሊንና ተከታዮቹን ከልክ በላይ የሚያመነጭ የአድሬናል ዕባጭ ሲጠረጠርም፣ የሆርሞኖቹ ቅሪት በ24 ሰዓት ሽንት ሊለካ ይችላል።

ምርመራው የሰውን ኀሳብና ብስጭት የሚመዝን ሚዛን አይደለም። ከባድ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም የአልኮል ብዛት ኮርቲሶልን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያ ብቻውን የኩሺንግ ሕመም አይባልም። አዲሰን የገለጹት የዕጢዎች ድካም ሲጠረጠርም የሽንት ምርመራ አይበቃም፤ በጠዋት የሚቀዳ ደምና ዕጢውን የሚቀሰቅስ ምርመራ ያስፈልጋል።

ኩሺንግ ያላዩት ሌላም ነገር አለ። ከአድሬናል ሆርሞን ግኝት በኋላ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የመሰሉ መድኃኒቶች ተሠሩ። በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ለአስምም፣ ለመገጣጠሚያም፣ ለቆዳም ሕይወት አዳኝ ናቸው። ለረጅም ጊዜ፣ ከልክ በላይ ሲወሰዱ ግን ያቺ ወጣት የነበራትን መልክ ያመጣሉ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ለኩሺንግ ሲንድረም ቀዳሚው ምክንያት የእነዚህ መድኃኒቶች አጠቃቀም ነው። ብርቱ የሆኑ የቆዳ ቅባቶችም፣ ፊትን ለማንጣት ለወራት ሲቀቡ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሰውየው የራሱ ዕጢዎች ተኝተው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው ኮርቲሶልም መልኩ ከሚናገረው ተቃራኒ፣ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ የተኙት ዕጢዎች ቶሎ አይነቁም፤ ሰውነት ጉልበቱ ከድቶት፣ የደም ግፊት ወርዶ፣ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ መቀነሱም ሆነ ማቆሙ የሐኪም ሥራ ነው። መርማሪው ሐኪምም ሕመምተኛው የዋጠውን፣ የተወጋውንና የተቀባውን ሁሉ ሳያውቅ ውጤቱን በትክክል ሊያነብ አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው ምክር እዚህ ላይ መድኃኒቱን ለደበቀም ይሠራል።

ኩሺንግ የተዉት የመዝገብና የናሙና ክምችት ለብዙ ዓመታት በዬል በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ምድር ቤት ተዘንግቶ ኖረ። አቧራ የለበሱት ብልቃጦችና የሕመምተኞቹ ፎቶግራፎች በኋላ በተማሪዎች ተገኝተው ታደሱ፤ እ.ኤ.አ በ2010 በስማቸው በተሰየመ ማዕከል ለሕዝብ ዕይታ ቀረቡ።

ዛሬ የኩሺንግ በሽታ ቶሎ ሲታወቅ ይታከማል። ቀዳሚው ሕክምና በአፍንጫ መንገድ ገብቶ በፒቱታሪ ላይ ያለውን ትንሽ ዕባጭ ማውጣት ነው፤ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ያ የዳኮታ ገበሬ የታከመበት መንገድ ማለት ነው። ፊቱ ያለ ምክንያት የከበበ፣ ቆዳው የሰነበረ፣ ጡንቻው የዛለ፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ አብረው የጨመሩበት ሰው፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ ወደ ሐኪም ቢሄድ፣ በ1910 ያቺ ወጣት ያላገኘችውን መልስ ሊያገኝ ይችላል። መልሱም የሚጀምረው የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት ከተጠራቀመበት ዕቃ ሊሆን ይችላል።